ሽቦውን ከማሳጠራችሁ በፊት፦ ለምጣድ ደንበኞቻችን

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

የበዓል ሰሞን ስልካችን አያርፍም። ቅሬታው አንድ ዓይነት ነው፦ «የሠራችሁልን ምጣድ አይግልም፤ እንጀራው ዓይን አላወጣ አለ።» ቤታችሁ መጥተን ስናየው ግን ብዙ ጊዜ ምጣዱ ጤነኛ ነው። የደከመው መብራቱ ነው።

ይህንን በቁጥር ልናሳያችሁ ወደድን። ማባዛትና ማካፈል ብቻ ስለሆነ የስልካችሁ ካልኩሌተር ይበቃል።

መብራቱ ደህና ነው፤ 220 ቮልት አለ። ምጣዱ ሲሠራ 16 አምፔር ኮረንት ሳበ እንበል። 220 ለ16 ሲካፈል 13.75 ይመጣል። ይህ ምጣዱ ውስጥ ያለው፣ የሚግለው ሽቦ ሬዚስታንስ ነው። ሽቦው ኮረንቱን ምን ያህል እንደሚያግደው ይነግረናል፤ መለኪያውም ኦም ይባላል። 220 በ16 ሲባዛ ደግሞ 3,520 ዋት ይሆናል። የምጣዱ ጉልበት ይሄ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ሳታጠፉት ብትጋግሩ ቆጣሪው 3.52 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥርባችኋል።

አሁን የበዓል ዋዜማ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ምጣድ ጥዷል፤ ቮልቱ 180 ወረደ። ሽቦው ያው ሽቦ ነው፣ ኦሙ እምብዛም አይለወጥም። 180 ለ13.75 ሲካፈል 13.1 አምፔር ገደማ ነው። ጉልበቱም 2,360 ዋት አካባቢ ይሆናል። ልብ በሉ፦ ቮልቱ የቀነሰው አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም፤ ጉልበቱ ግን ሲሶው ጠፋ! ቮልት ሲወርድ አምፔሩንም ይዞት ስለሚወርድ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። «ሽቦውን አሳጥሩልኝ፣ ይጋል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ይግላል። ከሽቦው አንድ አምስተኛውን ብንቆርጥ 11 ኦም ይቀራል፤ በ180 ቮልትም ወደ 2,950 ዋት ይሰጣል። በዓሉ አልፎ 220 ሲመለስ ግን 20 አምፔር ይስባል፣ 4,400 ዋት! ለ16 አምፔር የተሠራ ሶኬት ይህን አይችልም። ብሬከሩ ልክ ካልሆነ ሶኬቱ ይቀልጣል፣ ከዚያም የባሰ ይመጣል። እኛም ድሮ ደንበኛ ሲያስጨንቀን አሳጥረን ሰጥተን እናውቃለን። ሶኬቱ ጠቁሮ ሲመጣልን ነው የተውነው።

የተበጠሰ ሽቦን ጫፍና ጫፉን ጠምዝዞ ማያያዝም ያው ማሳጠር ነው። እንዲያውም የተጠመዘዘው ቦታ ለብቻው እየጋለ ደግሞ ይበጠሳል። ሙሉ ሽቦ ማስቀየር ይሻላል።

ቴስተር ያላችሁ ኦሙን ራሳችሁ መለካት ትችላላችሁ፤ ግን ምጣዱ ከሶኬት ተነቅሎና ቀዝቅዞ ብቻ! አምፔሩን ለእኛ ተዉት፣ ሽቦውን ሳንነካ የምንለካበት መሣሪያ አለን። ሒሳቡ ለምጣድ፣ ለስቶቭና ለካውያ ልክ ነው። ሞተር ላለው ለፍሪጅ ግን አይሆንም፤ ትክክለኛው ዋት ከብዜቱ ያንሳል።

ምጣዱ አልግል ካለ መጀመሪያ ጎረቤት ጠይቁ። የእነሱም ከደከመ በማግስቱ ሌሊት፣ ሰፈሩ ሳይነሳ ሞክሩት። ያኔም ካልጋለ ይዛችሁት ኑ፤ ኦሙን በነፃ እንለካላችኋለን።

ከሰላምታ ጋር፣
የምጣድና ስቶቭ ጥገና ሱቃችሁ