አደይ አሁንም አለች

እህቴ፣

ስንት ጊዜ ጽፌልሽ ሳልልከው እንደሰረዝኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አጥፍቻለሁ፤ ለአባትሽ ለቅሶ እንኳ አልደረስኩም። ስንገናኝ የፈለግሽውን ያህል ውቀሽኝ። ዛሬ የጻፍኩልሽ ስለ ላፕቶፗ ነው።

አዎ፣ ያችው። ዶሮ ማነቂያ ሳለን «ፓኬጅ ማኔጀር የሚባል ነገር አይገባባትም» ብለሽ፣ ፕሮግራሞቹን በራሱ አውርዶ የሚጭን ሳይኖር፣ የሊኑክሷን ነገር ሁሉ ከሶርስ ኮድ በእጄ ኮምፓይል ያስደረግሽኝ፣ ግትር!

ዲስኳ ባለፈው ወር ሞተ። ከባክአፑ አዲስ ኤስኤስዲ ላይ መለስኩት፤ ግን አልነሳም አለች። ፈርምዌሩ (ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የማስነሻ ፕሮግራም) የሚያስታውሰው የድሮውን ዲስክ ፓርቲሽን መለያ ነዋ። በፍላሽ አስነስቼ ሊኑክስን የሚያስነሳውን ግራብን ልጭን ስል፣ የማስነሻ መስመር ፈርምዌሩ ላይ የሚመዘግበው ኢፊቡትማናጀር የለም አለኝ። ያኔ የማስነሻ መስመሯን የመዘገብነው ባንቺ ፍላሽ ነበር፣ ትዝ አለሽ? ኢፊቡትማናጀር ደግሞ የፈርምዌሩን ቫሪያብሎች (ያስቀመጣቸውን መረጃዎች) የሚያነብለትና የሚጽፍለት ኢፊቫር ከሌለ አይሠራም።

የመጀመሪያው ሌሊት ባከነ። ፍላሹ በአሮጌው ባዮስ ሞድ ተነስቶ ኖሮ፣ ከ«ሲስ» ሥር ቫሪያብሎቹ የሚታዩበት የኢኤፍአይ ፎልደር ጭራሽ አልነበረም። በማግስቱ በአዲሱ ሞድ፣ በዩኢኤፍአይ አስነሳሁና ኢፊቫርን ለመገንባት «ሜክ» አልኩት። ለማኑዋሉ ማንዶክ የሚባል መሣሪያ አምጪ አለኝ፤ የለንም፣ ዶክመንቱን ዘለልኩት። ስጭነው ደግሞ ላይብረሪውን ሲስተማችን የማያየው ቦታ አስቀመጠው፤ የላይብረሪውን ቦታ፣ «ሊብዲር»ን፣ ራሴ ሰጥቼ እንደገና ጫንኩ። ኢፊቡትማናጀርም የማስነሻ ፋይሉን ፎልደር ስም፣ «ኢፊዲር»ን፣ ካልሰጠሽኝ አለ፣ ሰጠሁት።

ትናንት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ፈርምዌሩ የሚያስታውሳቸውን የማስነሻ መስመሮች ዝርዝር አወጣልኝ። ቡት 0002፦ አደይ።

እንባዬ መጣ። ዲስኩ ላይ አልነበረችማ! ማዘርቦርዱ ቺፕ ላይ ናት፤ ዲስክ ቢነቀል፣ መብራት ቢጠፋ የማትጠፋ። የተቀመጥንበት ክፍል በ2016 ከሰፈሩ ጋር ፈርሷል፤ ባለፍኩ ቁጥር በሩ የቱ ጋ እንደነበር እንኳ ይጠፋኛል። ያን መስከረም በእጅሽ የጻፍሻት ስም ግን አለች። ይህን ለማን ልናገር? አራት ኪሎ ካሉት ጎረቤቶቼ ማን ይገባዋል?

አሁን ወደ አዲሱ ዲስክ የሚጠቁመውን መስመር መጻፍ አለብኝ፤ እጄ እምቢ አለ። ሊኑክስ ከከርነል 4.5 ጀምሮ ከፈርምዌሩ ቫሪያብሎች ብዙዎቹን የሚቆልፋቸው እኮ፣ የቫሪያብሎቹን ፎልደር በስህተት ጠርገው ማሽናቸው ጨርሶ አልነሳ ያላቸው ሰዎች ስለነበሩ ነው። የተቆለፈ ካለ ኢፊቫር ሲጽፍ ቁልፉን ራሱ ይፈታዋል። ባትሪዋ ሞቷል፤ መብራቱም ሄድ መለስ ይላል። በመሃል ቢቋረጥስ?

ደግሞ… እንዴት እንደምልሽ አላውቅም። አሮጌዋን አደይ ላጥፋት? ጥቅም የላትም፤ የምትጠቁመው ወደሌለ ዲስክ ነው። ያለ አንቺ ግን አልነካትም።

ዓርብ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደውዪልኝ። ትእዛዙን አንብቤልሽ፣ እሺ ስትዪኝ ኢንተር እላለሁ። እስከዚያው በፍላሽ እያስነሳኋት እቆያለሁ። እማዬን ሳሚልኝ፤ እሁድ ራሴ መጥቼ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ።

ያንቺው