ጉዳዩ፦ «የወገብ ህመም ላለባቸው አረጋውያን» ተብሎ በተሸጠልኝ ቀበቶና ሰዓት ላይ ቅሬታ ስለማቅረብ

ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ዕድሜዬ ከ70 ያለፈ፣ ሥር የሰደደ የወገብ ህመም ያለብኝ ደንበኛችሁ ነኝ። ወገብ ላይ የሚታሰረውን ቀበቶ ከነሰዓቱ የገዛሁት ካርቶኑ ላይ «የወገብ ህመም ላለባቸው አረጋውያን የእንቅስቃሴ አጋዥ» የሚል አይቼ ነው። ዕቃው ይበራል፣ ቻርጅ ይይዛል፣ ስልኬ ላይ ከጫንኩት አፕ (የስልክ መተግበሪያ) ጋርም ይገናኛል። ስለዚህ የጥገና ክፍላችሁ «ምንም ብልሽት የለበትም» ብሎ የሰጠኝ መልስ ቅሬታዬን አይነካም። እኔ የምለው ካርቶኑ ላይ ለተጻፈው ሰው አልተሠራም ነው።

ከሁሉ የባሰው፣ እንዳመመኝ የምነግረው ቦታ የለውም። አፑ እንቅልፌን፣ እርምጃዬንና የልብ ምቴን ይመዘግባል፤ «ዛሬ ወገብዎ እንዴት ነው?» የሚል ጥያቄ ግን የትም አላገኘሁበትም። ህመሙ ሲያገረሽ ፊዚዮቴራፒስቴ የምትለኝ «ይቀንሱ፣ አጠር አጠር አድርገው ይሥሩ፣ ሲሻልዎ ይጨምሩ» ነው። ቀበቶው የቀነስኩትን እንደ አራጣ አበዳሪ ይዞ ይቆይና በማግስቱ ግቤ ላይ ይደምርብኛል። ወገቡ የተያዘ ሰው ትናንት ያልቻለውን ዛሬ እጥፍ አድርጎ እንዲሠራ ማን መከራችሁ?

ግቡ ራሱ 10,000 እርምጃ ነው፤ ዝቅ ላድርገው ብል አፑ አይፈቅድም። ይህ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ከተሸጠ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም የመጣ ነው እንጂ ሐኪም ለአረጋዊ ያዘዘው አይደለም። የምራመደው ባለ ጎማ መደገፊያ እየገፋሁ ስለሆነ ክንዴ አይወዛወዝም፤ ሰዓቱም አብዛኛውን እርምጃዬን አይቆጥረውም። እየተራመድኩ «ተነሥተው ይንቀሳቀሱ» ብሎ ይነዝረኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ሚዛን የሚጠብቅና ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት 3 ቀንና ከዚያ በላይ እንዲሠሩ ይመክራል። ወንበር ይዤ በአንድ እግር ስቆምም ሆነ ተንጋልዬ ዳሌዬን ሳነሣ አፑ የሚመዘግብልኝ ዜሮ ነው።

የልብ ምቱ ነገር ደግሞ ያስፈራኛል። አፑ ከ220 ላይ ዕድሜዬን ቀንሶ ልደርስበት የሚገባኝን ምት ያወጣል። የምወስደው ቤታ ብሎከር የልብ ምትን ዝቅ የሚያደርግ መድኃኒት ነው፤ ስለዚህ ላብ በላብ ሆኜም «ጥረትዎን ይጨምሩ» ይለኛል። ስመዘገብ ምን መድኃኒት እንደምወስድ አልጠየቀኝም።

መቆለፊያው ከኋላ ነው (ወገቡን ማዞር የማይችል ሰው እንዴት ይቆልፈው?)። የማስጠንቀቂያ ድምፁም ቀጭን ነው፤ በዕድሜ ቀድሞ የሚጠፋው ደግሞ ቀጭን ድምፅ የመስማት ችሎታ ነው።

የመመሪያ ወረቀታችሁ ቀበቶው «ወገብን በመደገፍም» ይጠቅማል ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ሥር ስለሰደደ የወገብ ህመም ባወጣው መመሪያ ግን የወገብ ቀበቶና መደገፊያ እንደ መደበኛ ሕክምና እንዳይሰጥ መክሮ፣ የአካል እንቅስቃሴን ከሚሰጡት መካከል አስቀምጧል። እንቅስቃሴዬን ካላገዘኝ ታዲያ ምን ልሠራበት ታጠቅሁት?

ይህን ሁሉ በስልክ ስናገር የተሰጠኝ መልስ «የልጅ ልጅዎ ትርዳዎት» የሚል ነበር። ረድታኛለች። አፑ ውስጥ የሌለውን ነገር እሷም ልታገኘው አልቻለችም።

የምጠይቀው የከፈልኩት ገንዘብ በሙሉ እንዲመለስልኝ ነው። አፑን አሻሽለን እንልካለን የምትሉ ከሆነ፣ ከእንቅስቃሴ በፊትና በኋላ ህመምን ከ0 እስከ 10 የሚጠይቅ፣ በመልሱም መሠረት የዕለቱን ግብ የሚቀንስ፣ ፊዚዮቴራፒስቴ ያዘዘችውን የሚቀበልና የልብ ምት ግቡን ለማጥፋት የሚያስችል መሆን አለበት። እስከዚያው «ለአረጋውያን» የሚለውን ጽሑፍ ከካርቶኑ ላይ አንሡ።

መልሳችሁን በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እጠብቃለሁ። በስልክ አይሁን፤ በደወልኩ ቁጥር የሚያነሣው ሌላ ሰው ስለሆነ ነገሩን ሁልጊዜ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። በተባለው ጊዜ ካልመለሳችሁልኝ የሸማቾችን መብት ለሚያስከብረው አካል አቤት እላለሁ። የግዢ ደረሰኙንና ፊዚዮቴራፒስቴ የጻፈችልኝን የእንቅስቃሴ ዝርዝር ቅጂ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር