ዶክተር ከሆነ በኋላ ኮሚቴ አታስገቡት

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሲጻፍ የፒኤችዲ ተመራቂዎች ቁጥር አይቀርም። ከምረቃው በኋላ ስለሚሆነው ግን ብዙም አይወራም። በምሥራቅ ጎጃም የምሠራ የጤና መኮንን ነኝ፤ የማየውን ልንገራችሁ። ወጣቱ ዶክተር ተብሎ ይመለሳል። ወዲያው ሦስት አራት ኮርስ ይደለደልለታል። ቀጥሎ ኮሚቴ ውስጥ ይገባል። ጎበዝ ከሆነማ አለቀለት፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ይሆናል። ምርምሩም መመረቂያ ጽሑፉ ላይ ያበቃል።

ሌላ አገር እዚህ መሐል አንድ ደረጃ አለ፤ ፖስትዶክ፣ ድኅረ ዶክትሬት ይሉታል፤ አዲሱ ዶክተር ልምድ ካለው ተመራማሪ ሥር ሆኖ ምርምር የሚሠራበት ጊዜ ነው። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በብሔራዊ የጤና ምርምር ተቋማቸው በኩል በክሊኒካልና ትራንስሌሽናል ሳይንስ ወጣት ተመራማሪዎችን የሚያሠለጥኑበት ሰፊ ፕሮግራም አላቸው። ላብራቶሪ ወይም ጥናት ላይ የተገኘው ነገር በሽተኛው ጋ እንዴት ይደርሳል የሚለው ነው ሥራቸው። እኔን የሚያስቀናኝ ገንዘቡ አይደለም። እሺ፣ ገንዘቡም ያስቀናል። ይበልጥ የሚያስቀናኝ ግን የሠልጣኙ ጊዜ መከበሩ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከሥራ ሰዓቱ 75 ከመቶው ለምርምርና ለሥልጠና ብቻ ይያዝለታል።

«መጀመሪያ መድኃኒቱ ይሟላ፣ ይሄ ቅንጦት ነው» የሚል አይጠፋም። እዚሁ ደጃችን ያለውን ዝሆኔ እንይ። የኛ ደጋ ዝሆኔ፣ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው፣ በትንኝ አይመጣም። ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው። በአነደድ ወረዳ በ696 ሕመምተኞች ላይ የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 በላንሴት ግሎባል ኸልዝ ታትሟል። ሕመምተኞቹ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ወዲያው መታከም ጀመሩ፣ የቀሩት ከ12 ወር በኋላ እንዲጀምሩ ተደረገ። ሕክምናው ቀላል ነው፤ እግርን ፀረ ጀርም ባለው ውኃ ዘፍዝፎ መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። ወዲያው የታከሙት እግራቸው በድንገት የሚያብጥበትና የሚያተኩስበት ሕመም በሰው በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ሲነሣባቸው፣ ተራ የሚጠብቁት ላይ 23.9 ጊዜ ተነሥቷል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። አንዱ ሕመም ገበሬን በእርሻ ወቅት ለቀናት እንደሚያስተኛው ለሚያውቅ ግን ትንሽ አይደለም።

ከዚያስ? በረኪናውንና ቫዝሊኑን ለጤና ኬላ ማን ያቅርብ? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ካለባት ሥራ ላይ ይህን ልትጨምር ትችላለች? ጫማው ሲቀደድ ሕመምተኛው ምን ያደርጋል? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልስልን ሌላ ጥናት ነው። ጥናቱን የሚሠራው ሰው ደግሞ በመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ አይፈጠርም። ዕጣውን ብቻ ውሰዱ። ጎረቤታሞች አንዱ ዘንድሮ፣ ሌላው ለከርሞ ሲባሉ «ለምን እሱ ቀደመ?» ይመጣል። እዚህ አገር ዕጣ የዕቁብ ነው፣ የመሬት ነው፤ የደረሰው ዕድለኛ፣ ያልደረሰው የተበደለ ይመስለዋል። ይህን ለአንድ እናት አስረድቶ፣ ሳይጫኑ ፈቃዷን መጠየቅ ልምድ ካለው ሰው ሥር ሆኖ የሚለመድ ሙያ ነው።

ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እንዶድ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያስተዋሉት እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ፣ ገና ከትምህርት ተመልሰው ነው። ግኝቱ ፈጥኖ መጣ። የመርዛማነት ምርመራው ዓለም አቀፍ መስፈርት አያሟላም እየተባለ የተጓተተው ግን ለብዙ ዓመታት ነው። ቢልሃርዝያው ዛሬም ጣና ዳር አለ።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለደብረ ማርቆስ፣ ለባሕር ዳርና ለእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች ነው። አዲስ ሕንፃ አልጠይቅም፤ ሪባን የሚቆረጥበት ማዕከልም ይቅር። እያንዳንዳችሁ ሁለት ሦስት የድኅረ ዶክትሬት ቦታ ክፈቱ። ለሠልጣኙ ሁለት አማካሪ መድቡለት፤ አንዱ በየቀኑ በሽተኛ የሚያይ ሐኪም፣ ሌላው የስታቲስቲክስ ሰው ይሁን። ከአንድ ኮርስ በላይ አታስተምሩት። ርዕሱን ሲመርጥ የዞን ጤና መምሪያን ያማክር። ደመወዙም ኑሮ የሚያስችል ይሁን፤ ካልሆነ ከሰዓት በኋላ የምናገኘው የግል ክሊኒክ ነው።

አንድ የጤና መኮንን፣ ከምሥራቅ ጎጃም