ሼር ጣሊያን የሆነችው ከመቼ ወዲህ ነው?

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው ቅዳሜ በመዝናኛ ገጻችሁ ስለ ሼር ያወጣችሁትን ጽሑፍ ያላየ አንባቢ የለም መቼም። ፎቶው ብቻ ግማሽ ገጽ ነበር። ርዕሱም ከዘፋኝነት ተነስታ እንዴት የኦስካር ተሸላሚ ተዋናይት እንደሆነች እንደሚተርክልን ቃል ገብቷል። ደስ ብሎኝ ጀመርኩት። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ግን ቆምኩ። «የጣሊያን ዝርያ ያላት ይህች አሜሪካዊት» ይላል። ይባስ ብሎ ከፎቶው ግርጌ «ጣሊያናዊቷ ውበት» የሚል ተጽፏል።

የምን ጣሊያን ነው?

ሼር የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1946 ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። አባቷ ጆን ሳርኪሲያን ይባላል፤ የአርመን ዘር ነው፤ ሥራው የጭነት መኪና መንዳት ነበር። ይህ ምስጢር አይደለም። እሷም ደብቃው አታውቅም። ማንም ሰው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ታክሲ እስኪመጣ ድረስ አጣርቶ ይጨርሰዋል። የሚገርመው ጸሐፊያችሁ የጭነት መኪናውን አግኝቶታል። «የሹፌር ልጅ» ብሎ በኩራት ጽፏል። መኪናውን አግኝቶ ሹፌሩን እንዴት እንዳጣው ነው ያልገባኝ።

«ይሄ ምኑ ያናድዳል?» የሚል ይኖራል። ልንገራችሁ። እኔ አርመን ነኝ። አዲስ አበባ ተወልጄ፣ ፒያሳ አድጌ፣ እዚሁ የሸበትኩ አርመን። ዕድሜ ልኬን ጣሊያን ሲሉኝ ኖሬያለሁ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ማዘር፣ ጣሊያን ነሽ እንዴ?» ይለኛል። አይደለሁም እለዋለሁ። «ግሪክ?» ይላል። እሱም አይደለሁም። ተስፋ ሲቆርጥ «ታዲያ አማርኛውን የት ለመድሽው?» ይለኛል። የት እለምደዋለሁ ልጄ? እዚሁ ነዋ፣ አንተ ሳትወለድ!

አንድ መሥሪያ ቤት ደግሞ ፎርም ስሞላ ዜግነት በሚለው ቦታ «ኢትዮጵያዊ» ብዬ ጻፍኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ቀና ብላ አየችኝ። ምንም ሳትል ሰርዛ «ጣሊያን» ብላ አስተካከለችልኝ። እኔን ላለማድከም ብላ ነው እኮ፤ ክፋት የለባትም። ፓስፖርቴን ከቦርሳዬ አውጥቼ ፊቷ ሳስቀምጠው ሽፋኑን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ሽፋኑን አየች። ከዚያ ሌላ ፎርም ሰጠችኝ። ያን ጊዜ ስቄ ወጣሁ። የእናንተ ግን አላሳቀኝም። የታክሲ ረዳት የሰው ዘር የማጣራት ሥራ የለበትም። ጋዜጠኛ ግን ከጻፈው ዘንድ ሊያጣራ ይገባዋል።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። ሼር ኦስካር ያገኘችው «ሙንስትራክ» በተባለው ፊልም ነው። ፊልሙ በ1987 ወጣ፤ ሽልማቱን የተቀበለችው በሚያዝያ 1988 ነው፣ በእኛ 1980 መሆኑ ነው። እዚያ ላይ ሎሬታ ካስቶሪኒ የምትባል የብሩክሊን ጣሊያናዊት ሆና ትጫወታለች። ባሏ የሞተባት የሂሳብ ሠራተኛ ናት። አንድ ጨዋ ሰውዬ ላግባሽ ይላታል፣ እሺ ትለዋለች። ከዚያ የሰውዬው ታናሽ ወንድም ፍቅር ያናውዛታል። ወንድምየው ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ አንድ እጁ የእንጨት ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ማዕድ ላይ ይበላል፣ ይጨቃጨቃል፣ ይታረቃል። ጸሐፊያችሁ ይህን አየና (አይቶት ከሆነ) «እቺማ ጣሊያን ናት!» ብሎ ደመደመ። ለትወናዋ ከዚህ የበለጠ ምስክርነት የለም። ግን በዚህ ሂሳብ ከሄድን፣ መድረክ ላይ አፄ ቴዎድሮስን ሆኖ የተጫወተ ሁሉ ቋራ ተወልዷል ማለት ነው።

የበለጠ የሚያስቀው ደግሞ ይኸውላችሁ። በፊልሙ የሎሬታን እናት ሆና የተጫወተችው ኦሊምፒያ ዱካኪስ ናት። እሷም በዚያው ምሽት በረዳት ተዋናይት ዘርፍ ኦስካር ወስዳለች። ዱካኪስ ግሪክ ናት! አርመኗ ልጅ፣ ግሪኳ እናት፤ ሁለቱም ጣሊያን ሆነው ተጫውተው ሁለት ኦስካር ይዘው ቤታቸው ገቡ። ይሄማ የፒያሳ ታሪክ ነው። አርመኑም ግሪኩም በጅምላ ጣሊያን ሲባል የኖረበት ሰፈር። ጸሐፊያችሁ ይህችን ቢያገኝ ኖሮ እንዴት ያለ ጽሑፍ ይወጣው ነበር! ደጁ ላይ ተቀምጣ እየጠበቀችው አልፏት ሄደ።

አሁን አዘጋጁ «ዘሯ ለሥራዋ ምን ያደርግላታል?» ሊሉኝ ይችላሉ። ደህና ጥያቄ ነው። እኔም ዘሯን ባታነሱ ኖሮ ዝም እል ነበር። ስለ ሥራዋ ብቻ ብትጽፉ ማን ይናገራችኋል? ግን አነሳችሁት። አንስታችሁም የሌላ ሰው ሰጣችኋት። ዝምታና ስህተት አንድ አይደሉም።

ሥራዋንስ ቢሆን? ጽሑፉ «ዕድል ቀንቷት በአንድ ጊዜ ከመድረክ ወደ ሲኒማ ተሻገረች» ይላል። ምን ዕድል? ከያኔ ባሏ ከሶኒ ቦኖ ጋር ዘፍና በ1965 ስሟ ሲገን ገና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። በሰባዎቹ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ነበራት፤ አሜሪካ ሁሉ ያውቃታል። ለትወና ግን ማንም ከቁም ነገር የሚቆጥራት አልነበረም። ለአንድ ዘፋኝ ይሄ እንቅፋት እንጂ ዕድል አይባልም። በ1982 ዳይሬክተሩ ሮበርት አልትማን ኒው ዮርክ፣ ብሮድዌይ መድረክ ላይ ቴአትር አሠራት። ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው። ሌላው ዳይሬክተር ማይክ ኒኮልስ እዚያ አያትና ለ«ሲልክውድ» መረጣት፤ ፊልሙ በ1983 ወጣ። ከሜሪል ስትሪፕ ጎን፣ ያለ ምንም ኩልና ቅባት፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ሆነች። የፊልሙ ማስታወቂያ ሲኒማ ቤት ሲታይ ስሟ ብቅ ሲል ሰው ሳቀ። እሷም እዚያው ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ራሷ ናት የተናገረችው። ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ በገዛ ስም ሲሳቅ መስማትን አስቡት እስቲ። በዚያ ሥራዋ ጎልደን ግሎብ አገኘች፤ ለኦስካርም ታጨች።

በ1985 «ማስክ» መጣ። ፊቱ በበሽታ የተበላሸ ልጅ ያላት እናት ሆና ተጫወተች። ካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ የምርጥ ተዋናይት ሽልማትን ከአርጀንቲናዊቷ ኖርማ አሌአንድሮ ጋር ተካፈለች። ኦስካር ግን ዕጩ እንኳ አላደረጋትም። በ1986ቱ የኦስካር ምሽት ሽልማት ልትሰጥ ስትጠራ ነው በዚያ በታወቀው ጥቁር ላባ አናቷ ላይ ተነስንሶ የመጣችው። ከመድረኩም ላይ ሆና «ቁም ነገረኛ ተዋናይት እንዴት መልበስ እንዳለባት መመሪያችሁ ደርሶኛል» በሚል ቀልድ ሸንቆጥ አደረገቻቸው። ጽሑፋችሁ ለላባው አንድ ሙሉ አንቀጽ ሰጥቷል፤ ቀለሙ፣ ርዝመቱ፣ የሰፋው ሰው ሳይቀር። ለካን ሽልማት ግማሽ ዓረፍተ ነገር። ላባው ለምን እንደተለበሰ ደግሞ ጭራሽ የለም። ከሁለት ዓመት በኋላ ኦስካሩን ስትወስድ ካሸነፈቻቸው አንዷ ያቺው ሜሪል ስትሪፕ ነበረች። እሷም የለችም።

ወደ አባትየው ልመለስ። ወላጆቿ የተፋቱት እሷ ሕፃን ሳለች ነው። አባቷን እያየች አላደገችም ማለት ይቻላል። አርመንነት እናት ቤት ከምግቡና ከቋንቋው ጋር የተሰጣት ነገር አልነበረም። በ1993 ግን፣ አርመኒያ ጦርነት ላይ ሆና፣ መንገዱ ተዘግቶ፣ ሕዝቡ መብራትና ማገዶ አጥቶ በብርድ ሲንቀጠቀጥ፣ ሼር የእርዳታ ዕቃ በያዘ አውሮፕላን ተሳፍራ ወደ ዋና ከተማዋ የሬቫን ሄደች። በዚያን ወቅት ወደዚያ የሚሄድ ታዋቂ ሰው አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንም። ጽሑፋችሁ «በበጎ አድራጎት ሥራም ትታወቃለች» ብሎ አልፎታል። ለየትኛው አገር? ለምን? ጣሊያን ናት ብሎ ለጀመረ ሰው እርግጥ እዚህ ጋ ነገሩ ይወሳሰብበታል።

ያ ዜና ፒያሳ ሲደርስ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አክስቴ ዘፈን የምትባል ነገር ቤቷ አታስገባም ነበር። የሼርን ፎቶ ከመጽሔት በመቀስ ቆርጣ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ዝቅ አድርጋ፣ ግድግዳው ላይ በዱቄት ማጣበቂያ ለጠፈችው። ደግነቱ ላባው ያለበት ፎቶ አልነበረም። ሰው ሲመጣ «እቺ የኛ ልጅ ናት» ትላለች። አክስቴ ከሞተች ቆይታለች። ቅዳሜ ለታ ጋዜጣውን ስይዝ እንኳንም አላየችው አልኩ።

ነገሩ በሼር ብቻ ቢሆን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ስለ አዲስ አበባ የሙዚቃ ታሪክ ስትጽፉም ልማዳችሁ ይኸው ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ሄደው ከእልቂት የተረፉ አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አይተው፣ አምጥተው የነሐስ ሙዚቃ ቡድን አደረጓቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን እስከ አብዮቱ ድረስ የተዘመረውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። የወንድማቸው ልጅ ኔርሲስ ናልባንዲያን ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት ስንት ሙዚቀኛ አሠለጠኑ። እናንተ ጋ ሁሉም ተጠቅልለው «የውጭ አገር ባለሙያዎች» ይባላሉ። ከተገዛ ዕቃ ጋር የመጣ ቴክኒሻን ይመስል። (በነገራችን ላይ፣ አርመን ነኝ ስል ሰው ሁሉ የአርባዎቹ ልጆች የልጅ ልጅ አድርጎ ይቆጥረኛል። አያቴ ጫማ ሰፊ ነበሩ። መለከት በእጃቸው ነክተው አያውቁም።)

አንድ ጊዜ በዚህ ከተማ ከሺህ በላይ ነበርን። አሁን ፒያሳ ባለው ቅዱስ ጊዮርጊስ የአርመን ቤተ ክርስቲያን ለበዓል ስንሰበሰብ አግዳሚው አይሞላም። በቁጥር ማነሳችን ይታወቃል። ግን ያለነው ጋዜጣ እናነባለን።

ወጣቱን ጸሐፊ ብዙ አትቆጡት። ላባውን የጻፈበት አንቀጽ ጥሩ አማርኛ ነው፤ ልጁ መጻፍ ይችላል። እኔ የምጠይቀው ከሱ በላይ ሆኖ «ጣሊያናዊቷ ውበት» የሚለውን አይቶ ይውጣ ያለውን ሰው ነው። እርማቱ በዚያው በመዝናኛ ገጽ ይውጣልኝ፤ የቤት ኪራይና የመኪና ሽያጭ ማስታወቂያ ሥር እንዳትወሽቁት። ድረ ገጻችሁ ላይ ያለውን ለማስተካከል ግን ቅዳሜን መጠበቅ አያስፈልግም፣ ዛሬውኑ ይቻላል። የፎቶውን ግርጌም አትርሱት።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከፒያሳ