ከፊርማው በታች

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከዚህ አገር ዝናብ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም። ይህን ደብዳቤ የእህቴ ልጅ እንደሚያነብልዎት አውቃለሁ። ቀስ ብሎ ያንብብ፤ ቁጥሮቹንም እንዳይዘላቸው ይንገሩት።

ባለፈው እሑድ ዕረፍት ስለነበረኝ ከምኖርበት፣ ዌልስ ከሚባለው የብሪታንያ ምዕራብ፣ ከባንጎር ከተማ አውቶቡስ ይዤ፣ ድልድዩን ተሻግሬ አንግልሲ የምትባለው ደሴት ገባሁ። እዚያ ባሕሩ ዳር ቢዩማሪስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ስሟ በጥንቱ ፈረንሳይኛ «ያማረ ረግረግ» ማለት ነው። ረግረጉ ላይ አንድ ትልቅ የድንጋይ ግንብ ቆሟል። መግቢያው ውድ ነው። ለአባቴ ነው ብዬ ከፈልኩ፤ እውነትም ግንቡን ያየሁት በእርስዎ ዓይን ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1294 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርዎት፤ በእኛ አገር ዐፄ ይኩኖ አምላክ ከነገሡ 24 ዓመት በኋላ) ማዶግ አፕ ሊዌሊን የሚባል የዌልስ መስፍን በእንግሊዙ ንጉሥ በቀዳማዊ ኤድዋርድ ላይ ተነሣ። ንጉሡ አመፁን ካበረደ በኋላ በ1295 ደሴቲቱን የሚቆልፍ ግንብ ይሠራ አለ። አጠገቡ ላንቫይስ የሚባል ገበያው የደራ የዌልሶች መንደር ነበር፤ ሰዎቹን ነቅሎ ወደ ሌላው የደሴቲቱ ጫፍ ወሰዳቸው። ለግንባታ ተብሎ ሰው መነቀሉ ዛሬ የተጀመረ አይደለም።

ሥራውን የመራው ጄምስ ነው፤ የቅዱስ ጊዮርጊሱ ጄምስ ይሉታል። የመጣው ከሳቮይ፣ ከአልፕስ ተራሮች አገር ነው፤ በዌልስ የንጉሡ ሥራ ሁሉ አለቃ ነበር። የቀን ደመወዙ 3 ሺሊንግ ሲሆን፣ እሱ ቀድሞ ከሞተ ሚስቱ ግማሹን እንድታገኝ ንጉሡ ፈቅዶለታል። እማማ ነፍሷን ይማረውና ይህን ብትሰማ ምን እንደምትል አውቃለሁ።

አሠራሩን ልንገርዎት። ግንብ በግንብ ውስጥ ነው። በመጀመሪያ ውሃ የሞላበት ቦይ አለ፤ ቀጥሎ ስምንት ጎን ያለው ዝቅተኛ የውጭ ግንብ፤ ከዚያ በውስጥ አራት ማዕዘን የሆነው ዋናው ግንብ። የውስጡ ቁመቱ 11 ሜትር፣ ውፍረቱ 4 ሜትር ከ70 ነው። ቆሜ በክንዴ ለካሁት፤ እጄ አለቀ እንጂ ግንቡ አላለቀም። የውስጡ ከውጩ ስለሚበልጥ ቀስተኞች ከላይም ከታችም ባንድ ጊዜ መወርወር ይችላሉ፤ አንዱ ሌላውን አይጋርደውም። የደነቀኝ ግን በሩ ነው። የውጩ በር ከውስጡ በር ጋር ፊት ለፊት አይገጥምም፤ ሆን ተብሎ ወደ ጎን ተደርጓል። የውጩን ሰብሮ የገባ ጠላት ቀጥ ብሎ መሮጥ አይችልም፤ መታጠፍ አለበት፤ ሲታጠፍ ደግሞ ጎኑን ለቀስተኞቹ ይሰጣል። በግድግዳው ውፍረት ውስጥ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ እዚያም ሁለት ሁለት ሆነው የተሠሩ መጸዳጃዎች አሉ። ጦርነት ላይም ቢሆን ተቀምጦ መጨዋወት አልቀረም ማለት ነው።

ቀና ብዬ ሳይ ግን ማማዎቹ አናት የላቸውም። መጀመሪያ ፈርሰው መሰለኝ። ለካ አልፈረሱም፤ አላለቁም! ከደቡብ በኩል ያለው ትልቁ የበር ቤት የኋላ ግማሹ ከነጭራሹ ከፍ አላለም። ገንዘቡ ወደ ስኮትላንድ ጦርነት ሄደ። ሥራው እየተቋረጠ እየተቀጠለ እስከ 1330 ቆየና ተተወ። እንግዲህ ዛሬ ሊቃውንቱ በመላው ብሪታንያ በአሠራሩ እንከን የለሽ የሚሉት ይህንኑ ያላለቀውን ነው።

ጄምስ በየካቲት 1296 ከሂሳብ ሹሙ ጋር ሆኖ ለንጉሡ ግምጃ ቤት የላከው ደብዳቤ እስከ ዛሬ ተጠብቋል። በሳምንት ቢያንስ 250 ፓውንድ ያስፈልገናል ይላል። ያን ያህል ገንዘብ የት ይገባል ብላችሁ እንዳትገረሙ ብሎም ይዘረዝራል፦ 400 ግንበኛና ጠራቢ፣ 2,000 የቀን ሠራተኛ፣ 200 የድንጋይ ካባ ሠራተኛ፣ 30 አንጥረኛ፣ አናጺዎች፣ 100 ጋሪ፣ 60 ሠረገላ፣ ድንጋይና ከሰል የሚያመላልሱ 30 ጀልባዎች። ባሕሩ ሲሞላ 40 ቶን የሚጭን መርከብ ከነጭነቱ እስከ በሩ መምጣት ይችላል ብሎ ትንሽ ይኮራል። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ይመለሳል፤ የሠራተኛው ደመወዝ ከርሟል፣ የሚበሉት የላቸውም፣ ልናቆያቸው እጅግ ተቸግረናል። ጨርሶም አላበቃም። ከደብዳቤው በታች እንደገና ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ገንዘቡን አፍጥኑ፣ አለዚያ እስካሁን የተሠራው ሁሉ ከንቱ ነው ብሎ ጨመረ።

አባባ፣ ይቺን ሳነብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ለዚያ የፎቅ ባለቤት የሚላከውን ደብዳቤ ያስጽፉኝ እንደነበር ያስታውሳሉ? ቅዳሜ ማታ ሠራተኞቹ ደጃችን ላይ ተደርድረው፣ እርስዎ ከኩራዙ አጠገብ ሆነው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ስንት ከረጢት ሲሚንቶ፣ ስንት ቢያጆ አሸዋ፣ የስንት ሰው የስንት ቀን። ጣትዎን ቀለም ነክረው ከፈረሙ በኋላ ሁልጊዜ «ከታች አንዲት ነገር ጨምሪ» ይሉኛል፤ ስለ እግዚአብሔር፣ የእነዚህን ሰዎች እንኳ ይክፈሉ።

አንድ ቅዳሜ አልጨመርኩም። አባቴ ለምን ይለምናል ብዬ አፈርኩ። «ጻፍሽው?» ሲሉኝ «ጽፌዋለሁ» አልኩ፤ ወረቀቱንም አጠፍኩት። ሰውየው በዚያ ሳምንት አልከፈለም። በሌላውም ሳምንት ብዙ ጊዜ አይከፍልም ነበር፤ ያም ሆኖ ነገሩ ከልቤ አልወጣም። በማግስቱ ለቤታችን ሶሌታ ያጠራቀሙትን ብር ከሳጥን አውጥተው ለሠራተኞቹ ሲያከፋፍሉ በመጋረጃው ቀዳዳ አይቼዎታለሁ። ፌሮው እስከ ዛሬ ሰማይ ሰማይ እያየ የቀረው ከዚያ ወዲህ ነው። ጎረቤት «የግንበኛ ቤት» እያለ ሲስቅ እኔም አብሬ ስቄያለሁ፤ እሱንም ይቅር ይበሉኝ።

በዚህ ወር የምልከው ብር ከወትሮው ይበልጣል። ለሶሌታው አይደለም፤ ለጉልበትዎ ነው። ሐኪሙ ያዘዘውን ያድርጉ፤ የተረፈ ካለ ያኔ ስለ ፎቁ እንነጋገራለን።

ልጅዎ

ከፊርማዬ በታች አንዲት ነገር፦ ስለ እግዚአብሔር ብለው ፌሮውን ለማየት በዚያ መሰላል አይውጡ። ዝገቱን ልጁ ወጥቶ ይይ፤ በየጫፉም ባዶ ጠርሙስ ይድፋበት።