እኔ የማውቀው ተጣጣፊ ወንበር ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ «ተጣጣፊ ቅጥር» እና ፈጠራ ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዘገባ ሻይ ሰዓት ላይ እየተቀባበልን አነበብነው። ሥራ አስኪያጆቹ የአጭር ጊዜ ኮንትራቱም፣ እንደ ልብ የሚሆነው የሥራ ሰዓትም ፈጠራን ያመጣል እያሉ እንደ ጉድ ተናግረዋል። ኮንትራት ሠራተኛ ግን አንድም አልተጠየቀም። ምናልባት ስትመጡ ተጣጥፈን ጥግ ተቀምጠን ይሆናል።

ተጣጣፊ ሲባል እኔ የማውቀው ወንበርና አልጋ ነበር። እንግዳ ሲበዛ ይዘረጋል፣ እንግዳው ሲሄድ ይታጠፋል። ለካ እኔም እንደዚያው ነኝ!

ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ኦፕሬተር ነኝ። በየስድስት ወሩ እየፈረምኩ 4 ዓመት ሞላኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ይላል። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው ሥራው ወቅታዊ ሲሆን፣ ለጊዜው የቀረን ሰው ለመተካት፣ ለመሳሰለው ነው። የእኔ ማሽን ክረምት ከበጋ ይሠራል። ዘጋቢያችሁ ይህችን እንኳ አላነሳም።

ወደ ፈጠራው ልምጣ። ፋብሪካችን ካይዘን የሚባለውን፣ ሥራን በየጊዜው ጥቂት በጥቂት የማሻሻል የጃፓን ዘዴ ይተገብራል። የካይዘን ነገሩ ደግሞ ሐሳብ ማሽኑ አጠገብ ከቆመው ሰው ይምጣ ነው። እኔም አመጣሁ። ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያዎቹ ጥቅሎች በደንብ ሳይታሸጉ ይጣሉ ነበር። አንድ ሰው ቀደም ብሎ ይግባና ማሽኑን ያሙቀው አልኩ። ብክነቱ ቀነሰ። የምስክር ወረቀት ሲመጣ «ለቋሚ ሠራተኛ ብቻ ነው» ተባለና የፈረቃ ኃላፊያችን ወሰደው። ፎቶው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ያምራል።

ሁለተኛ ሐሳብም አለኝ፣ ደብተሬ ላይ ተጽፏል። ለማን ልስጠው? ፍሬውን ሳላይ ልሰናበት እችላለሁ። ከእኔ ጋር የነበሩ ሁለት ልጆች ውላቸው ሲያልቅ የማሽኑን አመል ይዘውት ሄዱ። አዲሶቹ አሁን ከዜሮ እየጀመሩ ነው።

ዘገባው ሁሉም ውሸት ነው አልልም። ሶፍትዌር የምትሠራ ጎረቤቴ በሳምንት ሁለት ቀን ከቤቷ ትሠራለች። ጭንቅላቴ አረፈልኝ፣ ሥራዬም ተሻሻለ ትላለች። እሷ ግን ቋሚ ነች። የሚተጣጠፈው ሰዓቷ እንጂ እንጀራዋ አይደለም። እናንተ ሁለቱን አንድ ጆንያ ውስጥ ከተታችኋቸው።

የእኔ ውል በሚመጣው ወር ያልቃል። ዘጋቢያችሁ እኛንም ላነጋግር ካለ ቶሎ ይበል። ሻይ እጋብዘዋለሁ። ወንበር ግን ይዞ ይምጣ።

ተጣጣፊው ነኝ፣ ከቃሊቲ