ለልጄ፦ የማዮማውን ቦታ ሳትጠይቂ ለኦፕራሲዮን አትፈርሚ

ልጄ፣ የላክሽልኝን የአልትራሳውንድ ውጤት ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። 6 ሴንቲ ሜትር የሆነው ማዮማ (የማህፀን እጢ) እንዳስደነገጠሽ ገብቶኛል፤ ሰውም የሚያወራሽ ስለ እሱ ብቻ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ከሥሩ የተጻፈው፣ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነውና ወደ ማህፀንሽ ውስጠኛ ክፍተት የገባው ነው። በየሁለት ሰዓቱ ሞዴስ የሚያስቀይርሽ፣ ያን ሁሉ የረጋ ደም የሚያመጣብሽ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

የደሙን ብዛት ከማዮማው መጠን ይልቅ የተቀመጠበት ቦታ ይወስነዋል። ወደ ክፍተቱ የገባ ማዮማ በየወሩ የሚረግፈውን ሽፋን ያሰፋዋል፤ ማህፀኑም እንደልቡ ተኮማትሮ ደም ሥሮቹን እንዳይዘጋ ያውከዋል። ወደ ሆድ በኩል የወጣ ማዮማ ግን ብርቱካን ቢያህልም የወር አበባን ላይነካ ይችላል፤ የሱ ጣጣ የሽንት ፊኛንና አንጀትን መጫኑ ነው። ስለዚህ ዶክተሯን መጀመሪያ «በቁጥር ስንት ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ቦታውን ከ0 እስከ 8 ይመድቡታል፦ 0 ሙሉ በሙሉ ክፍተቱ ውስጥ ያለ፣ 1 አብዛኛው ክፍሉ ክፍተቱ ውስጥ የሆነ፣ 2 ደግሞ ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ ግድግዳው ውስጥ የተቀበረ ነው። ተራው አልትራሳውንድ ካልለየው፣ ማህፀን ውስጥ ትንሽ ሳላይን (የጨው ውሃ) እየጨመሩ የሚያዩበት አልትራሳውንድ ወይም ኤምአርአይ ይለየዋል።

0 ወይም 1 ከሆነ፣ ለደሙ ሲባል ሆድሽ የሚከፈትበት ምክንያት አይታየኝም። በሂስትሮስኮፒ ይወጣል። ቀጭን ካሜራ በማህፀን በር አስገብተው፣ ክፍተቱን በፈሳሽ ነፍተው፣ በኤሌክትሪክ በሚሠራ የሽቦ ቀለበት እየላጉ ያወጡታል። ሆድ ላይ ስፌት የለም፣ ብዙውን ጊዜ በዕለቱ ቤት ይገባል። የወር አበባሽ እንዳበቃ ባሉት ቀናት ቢሠራ ጥሩ ነው፤ ሽፋኑ ስስ ስለሚሆን በደንብ ይታያል። የሚያሰጋው ፈሳሹ ነው፤ በተቆረጡት ደም ሥሮች በኩል ወደ ሰውነት ይገባል። ስለዚህ የገባውና የወጣው እየተለካ፣ ልዩነቱ በሳላይን 2.5 ሊትር፣ ግላይሲን በሚባለው ጨው አልባ ፈሳሽ ደግሞ 1 ሊትር ሲደርስ ሥራው መቆም አለበት። ግላይሲን ከበዛ የደምን ሶዲየም አውርዶ አንጎልን ያሳብጣል። ቁጥር 2 ከሆነ በአንድ ጊዜ ላያልቅ ይችላል፤ «ቀሪውን ሌላ ቀን» ብትልሽ ተጠንቅቃልሽ ነው፣ ቅር አይበልሽ።

ትልቁ ካልተጫነሽ፣ እርግዝናንም ካላስቸገረ በክትትል ሊቆይ ይችላል። ይውጣ ከተባለ ማዮሜክቶሚ ነው፣ ማህፀኑን ትቶ ማዮማውን ብቻ ማውጣት ማለት ነው፤ ሆድ ተከፍቶ ወይም በላፓሮስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ)። እዚህ ላይ ደም ሊፈስ ስለሚችል የሚስማማሽ ደም አስቀድሞ መዘጋጀቱን አረጋግጪ። በላፓሮስኮፒ ሲሆን ማዮማው በማሽን ተቆራርጦ የሚወጣ ከሆነ፣ ከረጢት ውስጥ እንዲቆረጥ ጠይቂ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2014 እንዳስጠነቀቀው፣ ለማዮማ ኦፕራሲዮን ከሚደረጉ 350 ሴቶች በግምት አንዷ ያልታወቀ ካንሰር ሊኖርባት ይችላል፤ ማሽኑ ደግሞ ሆድ ውስጥ ይበትነዋል። በወጣትነት ዕድሜ ዕድሉ ያነሰ ቢሆንም ጥያቄው ምንም አያስከፍልሽም። ግድግዳው በጥልቀት ከተቆረጠ፣ ጠባሳው በምጥ እንዳይቀደድ ምጥ ሳይጀምርሽ በኦፕራሲዮን እንድትወልጂ ሊመከር ይችላል። እስኪጠግግም እርግዝናን ከ3 እስከ 6 ወር ማቆየት የተለመደ ነው። የተቆረጠው ምን ያህል ጥልቀት እንደነበረው በጽሑፍ ተቀበዪ፤ ወደፊት የምታዋልድሽ ሐኪም መጀመሪያ የምትፈልገው ያንን ወረቀት ነው።

ማህፀን ማውጣት ማዮማ እንዳይመለስ የሚያደርግ ብቸኛው መንገድ ነው፤ ወልዳ ለጨረሰች ሴት ደግሞ ትልቅ እፎይታ ነው። ኦቫሪዎቹ (እንቁላል የሚያመነጩት) ካልወጡ ወዲያው ማረጥ አያመጣም፣ ሴትነትም አይጠፋም። አንቺ ግን መውለድ ትፈልጊያለሽ፤ ይህን ፊት ለፊት ተናገሪ፣ ፋይልሽም ላይ ይጻፍ። የማህፀን ሽፋን ማቃጠልም በዚሁ ምክንያት ላንቺ አይሆንም።

ሄሞግሎቢንሽ (የደም ማነስ የሚለካበት ቁጥር) 8 ሆኖ የኦፕራሲዮኑ ቀን መቆረጡን ግን አልወደድኩትም። አጣዳፊ እስካልሆነ ድረስ መጀመሪያ ደምሽ ይሙላ፤ በደም ማነስ ላይ ኦፕራሲዮን መግባት ደም የመውሰድንም የኢንፌክሽንንም ዕድል ይጨምራል። የአይረን (የብረት) ኪኒኑን በባዶ ሆድ፣ በብርቱካን ጭማቂ ወይም በውሃ ዋጪው። ቡናና ሻይ ብረቱን እንዳይሰርጽ ስለሚያደርጉት፣ ከዋጥሽ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ጀበናውን አትቅረቢ። ሆድሽን ካመመሽ በየሁለት ቀኑ መውሰድ እንደሚቻል ዶክተሯን ጠይቂ። ሰገራሽ ቢጠቁር ከኪኒኑ ነው። ቀይ ሥር ብዪ ከፈለግሽ፣ ግን ቀለሙ አያታልልሽ፤ ብረቱ ጥቂት ነው፣ ኪኒኑን አይተካም። ኪኒኑ በደንብ ከሠራ ሄሞግሎቢን ከ3 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ በ2 ያህል ይጨምራል፤ ያውም ደሙ ከቀነሰ ነው። እስከዚያ ደሙን የሚይዝ መድኃኒት ያስፈልግሻል። ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚወሰደው ደም በሚፈስባቸው ቀናት ብቻ ነው። እግርሽ ወይም ሳንባሽ ላይ ደም ረግቶ የሚያውቅ ከሆነ ግን ሳትነግሪያት እንዳትጀምሪ። ጊዜ ካጠረ በደም ሥር የሚሰጥ አይረን አለ።

ፌሪቲንሽንም (ሰውነትሽ ያከማቸውን ብረት የሚያሳየውን የደም ምርመራ) አስለኪና የማዮማውን ቁጥር ከጠየቅሽ በኋላ ሁለቱንም ላኪልኝ፤ ከመፈረምሽ በፊት አብረን እናየዋለን።

እናትሽ